ጄሶ በቶርኖ መቅረጽ፤ ለሲኒ ሞዴል ከየት ልጀምር?

የጀበና ልጅ (አዳማ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ፈሳሽ ሸክላ በጄሶ ሞልድ ውስጥ እያፈሰስኩ የራሴን ሲኒ መሥራት እፈልጋለሁ። ገበያ ላይ ያለው ሲኒ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። እኔ የምፈልገው ከንፈሩ ቀጠን ያለ፣ ሆዱ ትንሽ ሞላ ብሎ ወደ መቀመጫው የሚጠብ፣ ከጥቁር ጀበና ጎን ሲደረደር የሚያምር ነው። ቅርጹን በወረቀት ሥዬዋለሁ፤ አፉ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር።

አጎቴ ፍራንኮ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። የአልጋ እግር የሚቀርጽበትን ቶርኖ ማታ ማታ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል። ግን ጄሶ እንደ እንጨት ተይዞ ይቀረጻል? እርጥብ ሳለ ነው የሚፋቀው ወይስ ሲደርቅ? የትኛውን ጄሶ ልግዛ? የአጎቴ መሮዎችስ ይሆናሉ? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ከሥሩ ጀምራችሁ ንገሩኝ።

ኮርኒስ ሠሪው (አዳማ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

እህቴ፣ ጄሶውን በተመለከተ እኔ ልንገርሽ፤ ውሎዬ ከእሱ ጋር ነው። የጂፕሰም ድንጋዩ አባይ በረሃ ሞልቶ ተርፎ አለ፤ ችግሩ ሱቅ ውስጥ ጂፕሰም እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ለግድግዳ ማለስለሻ የሚሸጠው ቶሎ እንዳይጠነክር ማዘግያ ገብቶበታል። እሱን ለሞዴል ብታፈሺው ለረጅም ሰዓት ልል ሆኖ ይቆያል፤ ሲጠነክርም ይፈረፈራል። ለኮርኒስ አበባ ማፍሰሻ የሚሆነውን ብለሽ ጠይቂ።

ከመግዛትሽ በፊት ትንሽ ቆንጥረሽ ሞክሪ። 100 ግራም ዱቄት በ60 ግራም ውኃ በጥብጪ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠነከረና በእጅሽ ስትይዢው ከሞቀ ጥሩ ጄሶ ነው። ሙቀት ካልሰጠ ወይ የማለስለሻው ዓይነት ነው፣ ወይ እርጥበት የገባው ያረጀ ከረጢት ነው። ውስጡ ጓል ካለበት ደግሞ ሳትሞክሪም ተዪው።

ሌላው፣ እኔ ብሆን መሮ አልይዝም። የሲኒውን ጎን በላሜራ ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክዬ፣ ከዘንጉ አጠገብ በቪቴ አስራለሁ። ከዚያ ጄሶውን ገና ልል ሳለ እየጨመርኩ ዘንጉን ማዞር ነው። ላሜራው ትርፉን ራሱ ይጠርገዋል። የበረንዳ ዓምድና የደረጃ መደገፊያ እንዲህ ነው የምንሠራው።

ጋሽ ሞልድ (ሀዋሳ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:35

ልጄ፣ እኔ የሴራሚክ ፋብሪካ ሞልድ ክፍል ውስጥ ነው ዕድሜዬን ያሳለፍኩት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። የምትቀርጪው አንድ ሞዴል ብቻ ነው። ከሞዴሉ የመጀመሪያውን ሞልድ ታወጫለሽ፤ ከዚያ ማባዣ የሚሆን እናት ሞልድ ይሠራል፤ ከእናት ሞልዱ የሥራ ሞልዶችን እንደፈለግሽ ትቀጃለሽ። አንድ የሥራ ሞልድ በደንብ ከተያዘ ከ50 በላይ ሲኒ ያወጣል። እንግዲህ አስቢው፤ ሞዴሉ ላይ የቀረች አንዲት ጭረት በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ትዕግሥትሽን በሙሉ ሞዴሉ ላይ አውዪው። ሞልድ ቢበላሽ ሌላ ይቀዳል፤ የሞዴል ስሕተት ግን አብሮ ይባዛል።

አሁን ወደ አያያዙ። ሲኒውን በአፉ ደፍተሽ ነው የምትቀርጪው። አፉ ወደ ቶርኖው ራስ፣ መቀመጫው ወደ ውጭ። እንዲህ ሲሆን መቀመጫውንና የመቀመጫውን ቀለበት ሳትፈቺ ትጨርሺዋለሽ። ከአፉ በታች ደግሞ፣ ማለትም በአፉና ጄሶው ተይዞ ቶርኖው ላይ በሚዞርበት ክብ ሰሌዳ መካከል፣ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትርፍ አንገት ተዪ፤ ከአፉ ትንሽ ሰፋ ብሎ ወደ ሰሌዳው የሚከፈት ይሁን። ሞልዱ ሲሠራ ይህ አንገት የፈሳሹ መቀበያ ጉሮሮ ይሆናል። ሸክላው ውኃውን ለሞልዱ እየሰጠ ሲወርድ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ይተካዋል፤ በኋላም የሲኒውን ከንፈር በቢላ የምትቆርጪው በዚያ መስመር ላይ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይህን አንገት ረስቶ ሲኒውን ብቻ ይቀርጻል፤ ከዚያ ከንፈሩ በምንም መንገድ አያምርም።

ሰሌዳው ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ይቆረጥ፤ ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር ክብ። ቫርኒሽ ይቀባ፣ አለዚያ ውኃ ይጠጣና ያብጣል። በአንዱ ፊቱ ላይ አራት ቪቴ ግማሽ ድረስ ብቻ ታስገቢያለሽ፤ ራሳቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ይቅር። ጄሶው እነሱን ነክሶ ይይዛል። ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ብታፈሺው ግን ገና መፋቅ ስትጀምሪ ተላቅቆ ይወረወራል። ቪቴዎቹ ያሉት ትርፉ አንገት ውስጥ ስለሆነ መሣሪያሽ አያገኛቸውም።

ከዚያ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ዙሪያውን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልዪና በገመድ እሰሪው፤ ቁመቱ ከሰሌዳው በላይ 9 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ስንጥቁን በጭቃ ድፈኚ። ለዚህ መጠን 360 ግራም ውኃና 600 ግራም ጄሶ ይበቃል። ሁለቱንም በሚዛን መዝኚ። በዓይን የተገመተ ጄሶ አንድ ቀን ልል፣ አንድ ቀን ድንጋይ ይሆንብሻል፤ እጅሽም ምኑንም ሳይለምድ ይቀራል።

ጄሶ ውኃ ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውኃ ጄሶ ላይ አይፈስም። ነስንሰሽ ስትጨርሺ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትነኪው ተዪው፤ ውኃውን ራሱ ይጠጣ። ከዚያ እጅሽን ወይም ማንኪያውን ከሥር ሳታወጪ ቀስ ብለሽ አማስዪ፤ አየር አታስገቢበት። እንደ አጥሚት ሲከብድና በጣት የተሰመረው መስመር ወዲያው ሳይጠፋ ሲቀር አፍስሺው። ፕላስቲኩን ከውጭ በጣትሽ መታ መታ አድርጊ፤ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል።

«እርጥብ ወይስ ደረቅ» ላልሽው፣ እርጥብ ነው። ጄሶ ከጠነከረ በኋላ ይሞቃል። ሙቀቱ ሳይጨርስ፣ ጥፍርሽን ስትጫኚው ምልክት የሚቀበል ሲሆን ፕላስቲኩን ፈተሽ ዋናውን ትርፍ ያኔ አንሺ። በዚያን ሰዓት ጥቅልል እየሆነ ይወርዳል፤ አቧራም የለውም። ሻካራው ሥራ ካለቀ በኋላ ቀዝቅዞ ጥንካሬው እስኪሞላ ጠብቂና የመጨረሻውን ስስ ፍቀት ያኔ አድርጊ። ከእጅሽ ወጥቶ የሚያድር ከሆነ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ጨርሶ የደረቀ ጄሶ መፋቅ ግን አቧራ መብላት ነው፤ ጠርዙም ይሰበራል።

ኮርኒስ ሠሪው ስለ ላሜራው የጻፈው ትክክል ነው፤ ለዓምድ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ለሲኒ ግን አልስማማም። ምክንያቱን ነገ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ ደክሟል።

ቶርኖ ቤት (አዳማ) | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ብረት ነው የምቀርጸው፤ ስለዚህ ስለ ጄሶው ሳይሆን ስለ ማሽኑ ልናገር።

እህቴ፣ የእንጨት ቶርኖ ለዚህ ሥራ ፈጣን ነው። ዲናሞው በደቂቃ 1,440 ጊዜ ገደማ የሚዞረው ዓይነት ከሆነና ቺንጋው እኩል ፑሌጃ ላይ ካለ፣ እርጥብ ጄሶ ላይ ይህ አደገኛ ነው። ዲናሞው ላይ 7፣ ዘንጉ ላይ 28 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ብታደርጉ በአራት ተካፍሎ 360 ይሆናል። ለሲኒ ይበቃል። በኋላ ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ የጀበና ሆድ፣ ስትቀርጪ ከዚያም ዝቅ ይበል፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ጠርዙ የሚሮጠው ፍጥነት ይጨምራል።

ዲናሞው ላይ ውኃና ፍርፋሪ እንዳይገባ በላሜራ ሸፍኑት፤ አየር ግን ያግኝ። ኩሽኔታዎቹን አጎትሽ ያያቸው። ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቁት ልል ካለው፣ ጥሩ መሣሪያ ብትይዢም ለስላሳ ፊት አታገኚም።

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተፈታ ፀጉር፣ ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፤ አንዱም ቶርኖ አጠገብ አይቅረብ። ጓንትም ቢሆን ማሽኑ ሲዞር አታድርጊ። መነጽር የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፊው፤ መሣሪያሽ ማስደገፊያው ላይ ሳለ በድንገት ተመልሶ ቢመጣ ሥራውም እጅሽም ይጎዳል።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ (አዳማ) | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:05

እኔ ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው ያደግኩት። እናቴ ጀበና የምትሠራው በእጇ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር የላትም፤ ሸክላውን እየጨመረችና እየዳበሰች ታሳድገዋለች፣ በድንጋይ ታለሰልሰዋለች። ክብነቱ ግን ማንንም ያስደንቃል። ይህን የምለው ቶርኖውን ለመንቀፍ አይደለም። ክብ ነገር የሚወጣው ከዓይንና ከእጅ እንደሆነ ከእሷ ስላየሁ ነው። እህት፣ ሥዕልሽን ይዘሽ ብቻ አትቀመጪ። መጀመሪያ በጭቃ ሠርተሽ በእጅሽ ያዢው፤ በሦስት ጣት ያዢው፣ ወደ ከንፈርሽ አስጠጊው። በወረቀት ላይ ያማረ ሲኒ እጅ ውስጥ የማይመች ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ ሸክላ ይሸበሸባል። ሲደርቅ ያንሳል፣ ሲተኮስ እንደገና ያንሳል። የጻፍሽው 6 እና 5 ከእሳት በኋላ ነው ወይስ የሞዴሉ? የምትጠቀሚው ሸክላስ የቱ ነው? የእናቴ ጥቁር ሸክላና ከጉጂ ከቦምቦውሃ የሚመጣው ነጭ ካኦሊን የገባበት እኩል አያንሱም።

የጀበና ልጅ (አዳማ) | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 6 እና 5 ተተኩሶ ካለቀ በኋላ እንዲሆን የምፈልገው ነው። ሸክላው ካኦሊን ያለበት ነጭ ነው። ማነሱን እንዴት ነው የማሰላው? ጋሼ፣ የላሜራውንም ምክንያት እየጠበቅኩ ነው።

ጋሽ ሞልድ (ሀዋሳ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ያነሳችው ዋናው ነገር ነው። በጭቃ ሠርቶ በእጅ መያዝ ያለችውንም ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ አውጪዎቻችን ያደርጉት ነበር። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከምታፈሺው ሸክላ ጠፍጣፋ ዘንግ ሥሪ፤ እርጥብ ሳለ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ጫፍና ጫፉን ምልክት አድርጊበት። አድርቂው፤ ሲኒውን በምትተኩሺበት ሙቀት ተኩሺው፤ ከዚያ ለኪው። 88 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከወጣ ሸክላሽ በ100 ውስጥ 12 ይቀንሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ የምትፈልጊውን ልክ ለ0.88 አካፍዪ። 60 ሚሊ ሜትር ለ0.88 ሲካፈል 68 ይሆናል፤ 50 ደግሞ 57 ገደማ። 12 በመቶ ጨምሬ 67 አደርገዋለሁ የሚል ሰው አለ፤ ያ ትክክል አይደለም፤ መካፈል ነው። ሸክላ ስትቀይሪ ፈተናውን እንደገና አድርጊ።

አሁን ላሜራው። ዓምድ የሚሠራ ሰው ብዙ አንድ ዓይነት ዓምድ ይፈልጋል፤ ላሜራው ይጠቅመዋል። አንቺ የምትፈልጊው አንድ ሞዴል ነው። ላሜራው ጠርዙ ላይ የተሳሳተውን ሁሉ አብሮ ይስለዋል፤ በላዩ ላይ የምታፈሺው ጄሶ ደግሞ በተለያየ ሰዓት የጠነከረ ስለሚሆን አንዱ ቦታ ልል፣ አንዱ ጠንካራ ሆኖ መጨረሻ ላይ ስትፍቂ መሣሪያሽ ይዘላል። ከዚህም በላይ፣ መማር የምትፈልጊው መቅረጽን ነው። መሣሪያ ይዘሽ ኩርባውን በዓይንሽ እያየሽ ስታወጪው ነው እጅሽ የሚያውቀው። ላሜራውን ግን አትጣዪው። ተቃራኒውን ቅርጽ ቆርጠሽ መለኪያ አድርጊው፤ ማሽኑን አቁመሽ ሞዴሉ ላይ አስጠጊው፣ ከኋላ ብርሃን አድርጊ፤ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ሞዴሉ ከመለኪያው ዝቅ ያለበት ነው፣ የሚነካው ቦታ ትርፍ ያለው ነው።

መሣሪያ። የአጎትሽ መሮዎች ለእንጨት የተሳሉ ናቸው፤ ጄሶ ያበላሻቸዋል፣ እነሱም ጄሶውን ይነክሱታል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ሦስት ቁራጭ ይበቃሻል፤ አንዱ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን። እጀታቸው ረዘም ይበል። ማስደገፊያው ወደ ሥራው በጣም ይጠጋ፣ አንድ ጣት የማያስገባ ያህል፤ ከፍታው የመሣሪያው ጫፍ ከዘንጉ መሃል ጋር እኩል እንዲሆን። ጄሶ ይፋቃል እንጂ አይቆረጥም፤ መሣሪያውን አግድም ያዢ፣ ክርንሽን ከጎንሽ ጋር አጣብቂ፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሂጂ። በእጅ አንጓ ከተንቀሳቀስሽ ኩርባው ይሰባበራል፤ በወገብሽና በእግርሽ ተንቀሳቀሺ። ይህን በጽሑፍ ማስተማር ይከብዳል፤ ግን ትርጉሙን ስትሠሪ ታገኚዋለሽ።

ቅርጹንም ተመልከቺው። ሲኒው ከሞልዱ የሚወጣው በአፉ በኩል ነው። ስለዚህ ከመቀመጫው እስከ አፉ እየሰፋ ብቻ መሄድ አለበት። ሆዱ ከአፉ ከሰፋ፣ ወይም ከመቀመጫው ቀለበት በላይ ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ ካለ፣ አንድ ወጥ ሞልድ አይለቀውም፤ ሁለት ክፋይ ያስፈልጋል። «ሆዱ ሞላ ያለ» ብለሻል፤ መሙላቱ ከአፉ ስፋት እንዳያልፍ። ጀበና ለማፍሰስ ያሰብሽ ከሆነ ደግሞ ሆዱንና አንገቱን ለሁለት የሚከፍል ሞልድ፣ ሦስተኛ የመቀመጫ ክፋይ፣ ጡቱና ጆሮው ለብቻቸው ይሆናሉ። እሱን ከሲኒው በኋላ።

ጥርስ ላብራቶሪ (ሀዋሳ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

እኛ የጥርስ ሞዴል የምንሠራው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጄሶ የሚባለው የጂፕሰም ድንጋይ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲጋል ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛውን ያጣ ነው፤ ውኃ ስትሰጪው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወፍራም ሲሆን 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠነክር ጄሶ ውስጥ እጅሽን ነክረሽ አታቆዪ፣ ልጅ ካለም ጠብቂው።

ሳህንሽና ማንኪያሽ ላይ የቀረ የድሮ ጄሶ ቅንጣት አዲሱን ያፈጥነዋል፤ ሳታፈሺው ሳህኑ ውስጥ ይይዝብሻል። ሁልጊዜ በንጹሕ ዕቃ። የላስቲክ ሳህን ብትጠቀሚ የደረቀውን ጨምቀሽ ታረግፊዋለሽ። ሞቅ ያለ ውኃና ጨውም ያፈጥናሉ፤ ኮምጣጤ ያዘገያል። እጥበቱን ወደ ቧንቧ አታፍስሺ፤ ባልዲ ውስጥ አስቀምጪው፣ ይዘቅጣል፣ ውኃውን ከላይ ቀንሰሽ ድንጋዩን ጣዪው። እኛ ለጥርስ ሞዴል የምንጠቀመው ጠንካራ ጄሶ ለቶርኖ ከባድ ነው፤ ዋጋውም አይገባም።

ኮርኒስ ሠሪው (አዳማ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ጋሼ፣ ስለ ላሜራው ተቀብያለሁ። በብርሃን የመለካቱን ነገር እኔም ለኮርኒሱ እሞክረዋለሁ።

የጀበና ልጅ (አዳማ) | እሑድ፣ ከሰዓት 10:15

ፑሌጃው ተቀየረ፣ ሰሌዳው ተሠራ፣ ጄሶውም ተፈተነ። ሞዴሉን ቀርጬዋለሁ! እርጥብ ሳለ ጥቅልሉ ሲወርድ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሆዱ ላይ በብርሃን ሳየው ስስ ሞገድ ሞገድ ይታያል። ከአፉ አጠገብ ደግሞ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉ። ብርጭቆ ወረቀት ልጠቀም? ቀዳዳውን በጄሶ ብሞላው ይይዛል?

ቶርኖ ቤት (አዳማ) | እሑድ፣ ከሰዓት 10:50

ሞገዱ ከመንቀጥቀጥ ነው። መሣሪያው ከማስደገፊያው ብዙ ወጥቶ ከሆነ አሳጥሪው፤ ጫፉ ከዶለደመ ሳዪው፤ ሰፊውን ጫፍ በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አታስነኪ። ካልጠፋ ፍጥነቱን ትንሽ ቀይሪው፤ አንዳንድ ጊዜ መንቀጥቀጡ ከአንድ ፍጥነት ጋር ብቻ የተያያዘ ነው።

ጋሽ ሞልድ (ሀዋሳ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:40

ጎበዝ! ብርጭቆ ወረቀቱን ገና አታንሺ። ወረቀት ሞገዱን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚያብረቀርቅ የብርጭቆ ልባስ (ግሌዝ) የተቀባ ሲኒ ላይ ብርሃን ሲያርፍ እንደገና ይታያል። ቶርኖ ቤት እንዳለው መሣሪያውን ስለሽ፣ ማሽኑ ላይ ሳለ ከወረቀት የማይወፍር ፍቀት አንሺለት። ወረቀት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውኃ የሚችለው ስስ ዓይነት ይሁን፣ ውኃ እየነከርሽ፣ አንድ ቦታ ሳታቆዪ።

ቀዳዳዎቹ አየር ናቸው። ደረቅ ጄሶ ላይ አዲስ ጄሶ ብታደርጊ አሮጌው ውኃውን ይመጠውና አዲሱ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። መጀመሪያ ቦታውን ውኃ አጠጪው፤ መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ ትንሽ ጄሶ በጥብጠሽ በብሩሽ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገቢ፤ ከፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር፤ ሲጠነክር ፋቂው። የምትሞይው ጄሶ ሞዴሉ ከተሠራበት ከረጢት ይሁን፣ ልኩም ያው፤ ጥንካሬው ከተለያየ መሣሪያሽ እዚያ ላይ ይዘላል።

የጀበና ልጅ (አዳማ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:05

እንዳሉት አደርጋለሁ፣ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ሞልዱን በላዩ ለማፍሰስ ምን ልቀባው? የልብስ ሳሙና ይሆናል? ሞልዱንስ ፀሐይ ላይ ላድርቀው? አዳማ ንፋሱም ፀሐዩም ኃይለኛ ነው።

ጋሽ ሞልድ (ሀዋሳ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50

የዱቄት ሳሙና አይሆንም። ፈሳሽ የፖታሽ ሳሙና ካገኘሽ እሱ ነው፤ ካጣሽ ነጭ ደረቅ ሳሙና ፍቀሽ በሙቅ ውኃ አሟሚው። ሞዴሉ እርጥብ ሳለ በለስላሳ ብሩሽ ቀቢ፣ በስፖንጅ ጥረጊው፣ እንደገና ቀቢ። ሳሙናው ከጄሶው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳውን የሚዘጋ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውኃ ጠብ ስታደርጊበት ሳይጠጣ ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ በቅቶታል። አረፋ አይቅር፤ የቀረ አረፋ ሞልዱ ላይ ቀዳዳ ይሆናል። ሳሙና የሚቀባው ሞዴሉና እናት ሞልዱ ነው። የሥራ ሞልድሽ ፊት ሸክላ የሚነካው ስለሆነ ምንም እንዳይነካው፤ ውኃ መምጠጥ ሥራው ነው።

ለሞልዱ ልኩን ቀይሪ፤ 100 ጄሶ በ70 ውኃ። ከሞዴሉ ልል ይላል፣ ግን የተሻለ ይጠጣል። በሁሉም በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ይውፈር፤ አንድ ጎኑ ከሳሳ ሲኒው በዚያ በኩል ቀጭን ይሆናል።

ለማድረቁ አዳማ ከሀዋሳ ይሻላል። እኛ ከሐይቁ ጎን ሆነን ክረምት ላይ ስንት እንጠብቅ ነበር። ጥላ ላይ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከሥሩ እንጨት አድርገሽበት አስቀምጪው። አሸዋና አቧራ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍኚው። ምጣድ አጠገብ ወይም ምድጃ ላይ አታድርጊ፤ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ጄሶው የያዘውን ውኃ መልቀቅ ይጀምርና ፊቱ ዱቄት ይሆናል። በየቀኑ መዝኚው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል፤ ያን ጊዜ ሸክላሽን አዘጋጂ።